የሶስና «አዎ»

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ብሩክ፣ «አንቺ መጀመሪያ ትቆጪና ምክንያቱን ኋላ ትፈልጊያለሽ» ይለኛል። እሱ ደግሞ ቤት ቢቃጠል እንኳ «እስቲ ሻዬን ልጨርስ» የሚል ዓይነት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ሰሞን የሆንኩትን ስትሰሙ እንዳይገርማችሁ ብዬ ነው። ልጄን የሚነካ ነገር ከመጣ እኔ ዘንድ ማጣራት የሚባል ነገር የለም።

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ኖርድኤንድ የሚባለው ሰፈር ነው። አሮጌ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ብሩክ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ጠዋት ጠዋት ቁርስ አቀርባለሁ። ያኔ ልጃችን ሶስና አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር። የብሩክ እናት እማማ ደስታም ከሐዋሳ ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። እማማ ደስታ የጀርመንኛ ቃል አንድም አያውቁም፤ ግን ከሕንፃው ሴቶች ሁሉ ጋር ተግባብተዋል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሶስና ቤት ስትሆን አፏ አያርፍም። በአማርኛ ጠይቀናት በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ ስትናደድ ሁለቱንም ትደባልቃለች፤ ተኝታም ታወራለች። ስለዚህ የኪታዋ አስተማሪ (እዚህ መዋዕለ ሕፃናቱን ሁላችንም ኪታ ነው የምንለው) «ስለ ሶስና የምንነጋገረው ነገር አለ» ብላ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ስትሰጠኝ፣ በወሬ አስቸገረችን ልትለኝ ነው ብዬ ሄድኩ።

አስተማሪዋ ፍራው ሊንደማን ከእጅጌዋ ላይ ሙጫ የማይጠፋ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት ሴት ናት። የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደርሶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እሷም ቀስ ብላ ጀመረች። ሶስና ኪታ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ እስካሁን ግን ለአስተማሪ ጥያቄ አንድ ቃል መልሳ አታውቅም አለችኝ።

«ዝም ማለቷ ብቻ አይደለም፤ ትደነግጣለች» አለች። «ውሃ ትፈልጊያለሽ ስላት ትደነግጣለች። ውጭ እንውጣ ስላት ትደነግጣለች። ለፋኖስ በዓሉ ድራማ ለማኙን ሆነሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ ብዬ ስጠይቃትማ በጣም ስለደነገጠች ለሌላ ልጅ ሰጠሁት።»

እኔ እየሰማኋት መሆኔን እንደ አገሬ ሰው እየገለጽኩላት ነበር። እሷ ግን በመሐል ንግግሯን አቋረጠችና ውሃ ቀዳችልኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የወረቀት መሐረብ ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «ለእናት መስማት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል» አለችኝ። እኔ አላለቀስኩም፤ የማልቀስ ሐሳብም አልነበረኝም። ምን ነካት ብዬ ውሃውን ጠጣሁ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የንግግር ችግር ላለባቸው ልጆች የተለየ ኪታ አለ። ሶስና ወደዚያ ብትዛወር ይሻላል ብለው አስበዋል። ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስዳታል፣ ማታ ይመልሳታል፤ ትምህርት ቤት መግባቷም ለዓመት ሊዘገይ ይችላል። ከፋኖስ በዓሉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ባለሙያ ባለበት ተቀምጠን እንወስናለን አለችኝ። ያ ኪታ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ልጅ በደንብ የሚታገዝበት ነው። ግን የእኔ ልጅ ትናገራለች። ትለፈልፋለች እንጂ።

ቤት ገብቼ ሶስናን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ለማኙን ሆኖ ስለመሥራቱ አንስቼ፣ አስተማሪሽ ስትጠይቅሽ ምን አልሽ አልኳት።

«ያ አልኳት» አለች። ያ በጀርመንኛ አዎ ማለት ነው። «ያ ብያት ለሊዮን ሰጠችው።»

እንግዲህ ወይ ልጄ ዋሽታለች፣ ወይ አስተማሪዋ ዋሽታለች። እኔ ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። «ቆዳዋን አይታ ነው» አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ኪታውን ላንቀጠቅጠው ቆርጬ ነበር። ብሩክ እንደ ልማዱ ሻዩን እያማሰለ፣ በዓሉ ይለፍ፣ ማክሰኞ አብረን እንናገራለን አለ። እማማ ደስታ ሁለታችንንም ትተው ልጅቷን አቅፈው መጸለይ ጀመሩ።

በዓሉን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ቀኑ ቶሎ መምሸት ሲጀምር፣ የጀርመን ልጆች ራሳቸው የሠሩትን የወረቀት ፋኖስ በእንጨት ላይ አንጠልጥለው እየዘመሩ በሰልፍ ይሄዳሉ። ከፊት ማርቲን የሚባለውን ቅዱስ ሆኖ አንድ ሰው በፈረስ ይሄዳል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ማርቲን ወታደር ሳለ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ለማኝ አገኘና ካባውን በሰይፉ ለሁለት ቀዶ ግማሹን ሰጠው። ሰልፉ የሚያልቀው እንደ ደመራ በሚነድ እሳት ዙሪያ ነው፤ ልጆቹ ይህን ታሪክ በድራማ የሚያሳዩትም እዚያ ነው።

እኛ የጴንጤ ቤተሰብ ስለሆንን፣ እማማ ደስታ የቅዱስ ስም ሲሰሙ ትንሽ ቀፈፋቸው። ብሩክ ታሪኩን ሲነግራቸው ግን ቅሬታቸው ሌላ ሆኖ ተገኘ። «ግማሽ ጋቢ ለማን ይበቃል?» አሉ። «ሁለቱንም ብርድ ላይ ጣላቸው እንጂ ምን ጠቀመ? ከሰጠ አይቀር ሙሉውን አይሰጠውም?»

ፋኖስ የሚሠራበት ቀን ወላጆች ተጠርተን ነበር። ሌላው ሁሉ ጉጉት፣ ጃርትና ጨረቃ ይሠራል። ሶስና ግን ማታ ማታ ከአያቷ የጅብ ተረት ስትሰማ ስለከረመች ጅብ ካልሆነ አለች። ብሩክ መቀሱን ይዞ ግማሽ ቀን ታገለ። የኋላው ዝቅ፣ የፊቱ ከፍ ያለ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ጥርሱን ያገጠጠ ነገር ወጣ። እኛ ጅብ ነው አልን። ፍራው ሊንደማን አየችውና «እንዴት የሚያምር ውሻ ነው» አለች። ሶስና አኮረፈች።

የበዓሉ ቀን ሲያካፋ ውሎ አመሻሹ ላይ አባራ። ከኪታው በር ተነሳን። ከፊት አንዲት ሴት ቀይ ካባ ደርባ፣ የብረት ቆብ አድርጋ፣ ግዙፍ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያ ሁሉ ብርሃን ይንቀሳቀሳል። ሰዎች በየመስኮቱ ወጥተው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ብሩክ የመዝሙሩን ቃል ባያውቅም ዜማውን ይዞ በረጅሙ ያስነካዋል። እማማ ደስታም የእኛን የጉባኤ መዝሙር በዚያው ዜማ ላይ ገጥመው መዘመር ያዙ፤ ገጠመላቸውም። ማክሰኞ ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ።

ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ የሌላ ኪታ ሰልፍ ከጎን መጥቶ ተቀላቀለ። ሶስናን የያዟት እማማ ደስታ ነበሩ። ሻሻቸው ተንሸራቶባቸው አንድ አፍታ እጇን ለቀቁ፣ አሰሩና መልሰው ያዙ። ወደ እሳቱ የሚወስደውን መንገድ ስንጋመስ ዘወር ብዬ አየሁ። እማማ ደስታ በፍቅር ጨብጠው የሚሄዱት እጅ የሌላ ሰው ልጅ እጅ ነው። እንደ ሶስና ቀይ ኮፍያ ያደረገች፣ ፀጉሯ እንደ ገለባ የሆነ ልጅ ቀና ብላ በመገረም ታያቸዋለች።

«እማማ፣ ሶስናስ?» አልኳቸው።

እጃቸውን አዩ። ልጅቷን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

ስሟን እየጠራሁ ወደ ኋላ ሮጥኩ። በጨለማ ውስጥ ልጅ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚታየው ፋኖሱ ብቻ ነው። ፍራው ሊንደማን ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ሶስና ጠፋች ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። «ስሟን መናገር አትችልም እኮ» አለች። «ሰው ቢያገኛት እንኳ የማን ልጅ እንደሆነች አትነግረውም።»

«ትናገራለች» ብዬ ጮህኩባት። ግን በዚያች ደቂቃ፣ እናንተ ፊት ልናዘዝ፣ እኔም ፈራሁ። ባትናገርስ? እዚህ አገር ሰው ፊት ስትቆም እውነትም አንደበቷ ቢታሰርስ?

ብሩክ ያገኘውን ሰው ሁሉ የጅብ ፋኖስ የያዘች ልጅ አይታችኋል ወይ ይላል። ማንም ጅብ አላየም። በመጨረሻ ፍራው ሊንደማን የውሻ ፋኖስ ብላ ስትጠይቅ አንድ አባት «እሷንማ አይቻለሁ» አለ፤ አንድ ሰው እጇን ይዞ ወደ እሳቱ አካባቢ፣ ለበዓሉ ወደቆመው አምቡላንስ ወስዷታል አለን። አምቡላንስ የሚለውን ስሰማ እንዴት እንደሮጥኩ እኔ አላውቅም።

የአምቡላንሱ የኋላ በር ተከፍቷል፤ ውስጡ እንደ ቀን በርቷል። ሶስና መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። ወርቃማ የሚያብለጨልጭ የብርድ መከላከያ ተጠቅልላለች፣ ጣቷ ላይ ትንሽ መሣሪያ ተሰክቶባታል፣ ጅቧ ጭኗ ላይ ነው። ደህና ናት። እንዲያውም የተመቻት ትመስላለች። አጠገቧ ቀይ ጺም ያለው ሰውዬ ተንበርክኮ ግንባሩን ቋጥሯል።

ልይዛት ስንደረደር እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ልጅቷ ብቻዋን አጥሩ ሥር ቆማ ነው የተገኘችው። አልተጎዳችም። ግን የአተነፋፈሷ ነገር አላማረውም። ጥያቄ በጠየቃት ቁጥር ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ምናልባት የእሳቱ ጭስ ገብቶባት ይሆናል፤ ሆስፒታል ወስደን እናሳያት አለ።

«አይደለም፣ ትደነግጣለች ነው» አለች ፍራው ሊንደማን ከኋላዬ። «እኛም ዘንድ ሁልጊዜ እንዲህ ናት።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የደነገጠ ልጅ ልቡ ይመታል፤ የእሷ ግን እንደ ተኛ ልጅ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቷ እርስዎ ነዎት?»

መለስኩለት። እሱ ግን መልሴን እንዳልሰማ ሰው ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ብሩክን አየው።

«አባት?»

ብሩክም መለሰ። ሰውዬው ቀና አለ። በዚህ መሐል እማማ ደስታ የሰውን ልጅ ለእናቷ አስረክበው እያለከለኩ ደረሱ። ሰውዬው አያት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ብሩክ ተረጎመላቸው። እማማ ደስታም አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ከሁላችንም በበለጠ ኃይል መለሱለት። ሰውዬው ከእሳቸው ወደ ብሩክ፣ ከብሩክ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሶስና ተራ በተራ ተመለከተ።

«ቤተሰቡ በሙሉ አስም አለበት?» አለ።

እዚህ ላይ እናንተ ቀድማችሁኝ ገብቷችኋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኛ አዎ ለማለት ሁልጊዜ ቃል አናወጣም እኮ። አፋችንን ከፈት አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ባጭሩ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ግን አሁን ይህን እያነበባችሁ ራሳችሁ አድርጋችሁታል። ለእኛ «እሺ፣ ልክ ነው፣ እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። ለጀርመን ግን ያ ድምፅ አይጥ ያየ ሰው ድምፅ ነው።

ማንም ሳይናገር ከዚያ ወርቃማ ጥቅል ውስጥ ቁልጭ ባለ ጀርመንኛ ድምፅ መጣ።

«አስም አይደለም» አለች ሶስና። «ያ ማለት ነው።»

ፍራው ሊንደማን ከልጄ አንደበት የሰማችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። አምቡላንሱ መወጣጫ ላይ ወጥታ ፊቷ ተንበረከከች።

«ውሃ ትፈልጊያለሽ ስልሽ፣ ፈልገሽ ነበር?» አለቻት።

ሶስና ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«ውጭ እንውጣ ስልሽስ?»

አሁንም ሳብ አደረገች።

«ለማኙን መሆን ትፈልጊያለሽ ብዬ ስጠይቅሽ...»

ሶስና ሳብ አደረገችና፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው እንዳጋጠማት ሁሉ፣ ቀስ ብላ «ያ» ብላ ጨመረችበት።

አስተማሪዋ መወጣጫው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ አየኋት፤ ከዚያ ሁለቱንም መሆኑ ገባኝ። ለማክሰኞ ያዘጋጀሁት ያ ሁሉ ቁጣ እጄ ላይ ቀረ። የማደርገው ጠፍቶኝ ከኪሴ መሐረብ አውጥቼ ሰጠኋት። ባለ ጺሙ ሰውዬ በበኩሉ ነገሩን ራሱ ሊሞክረው ፈልጎ፣ ሳብ ሳብ ሲያደርግ ሳል ያዘውና እውነተኛ ሕመምተኛ ሊሆን ነበር። እማማ ደስታ ጀርባውን እየመቱ፣ «በኃይል አትሳበው ልጄ፣ ቀስ ብለህ» እያሉ በአማርኛ አስተማሩት።

ከዚያ የሆነውን አልረሳውም። እሳቱ ጋ ድራማው ሊጀመር ነበር። ፍራው ሊንደማን ሮጣ ሊዮንን ሌላ ለማኝ ብንጨምርስ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ብቻውን መቀመጥ ፈርቶ ኖሮ ደስ አለው። ሁለት ለማኞች ጎን ለጎን ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ አንደኛዋ ወርቅ የለበሰች ለማኝ ናት። ባለ ፈረሷ ሴት ይህን ማንም አልነገራትም። ደርሳ ካባዋን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለሊዮን ሰጠች። ሶስና እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። ከዚያ የቀረውን ግማሽ አውልቃ ለሶስና ጣለችላትና በስስ ሸሚዝ ፈረሱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ፓርኩን ደበላለቀው። እማማ ደስታ «እንዲህ ነው እንጂ መስጠት» አሉ።

ማክሰኞ ተሰበሰብን። ባለሙያዋ ሶስናን አነጋገረቻት፤ ሶስናም ስለ ጅብ የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት፣ እስከሚበቃት ድረስ። ስለ መዛወር ያነሳ የለም። ፍራው ሊንደማን በር ላይ እጄን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ቤት ሆኜ ስለ እሷ የተናገርኩትን እያስታወስኩ አንገቴን ደፋሁ።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለሳቅ ብቻ በነገርኳችሁ ነበር። ግን ከጥቂት ቀን በኋላ የሶስናን ፀጉር እየሠራሁላት አንድ ነገር ጠየቅኋት። ያ ብለሽ ውሃውን ሳይሰጡሽ ሲቀሩ፣ ያ ብለሽ ውጭ ሳይወስዱሽ ሲቀሩ፣ ለምን ደግመሽ አልተናገርሽም አልኳት።

ትከሻዋን ነቅንቃ፣ «እዚያ ይጠይቁሻል እንጂ አይሰጡሽም ብዬ ነው» አለችኝ።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ ስትጠየቅ አዎ እያለች፣ ሳይሰጧት ሲቀር የአገሩ ወግ ነው ብላ ተቀብላ ኖራለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ብለው የተቀመጡ ስንት ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። የእሑድ ጉባኤያችን ግማሹ እንዲህ ነው። እውነት ነው፣ በደንብ ሰምተው የማይሰጡም አሉ፤ እሱን አልክድም፣ አይቼዋለሁም። ግን እናንተም እስቲ አስቡት፦ አልሰጡኝም ብላችሁ ከተዋችሁት ውስጥ፣ ጭራሽ ሳይሰማ የቀረው አዎ ስንት ይሆን?

እኔ አንድ ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆቴሉ አለቃዬ በቁርስ ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ የእንግዳ መቀበያውን ሥልጠና መውሰድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎኝ ነበር። እኔ እየፈለግሁ፣ እጄ ላይ የቡና ማንቆርቆሪያ ይዤ መለስኩለት። ሥልጠናው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዓመቱን ሙሉ ያን ሰው ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ። ያን ሥልጠና አሁንም እፈልጋለሁ አልኩት። ሰውዬው በመገረም አየኝ።

«እኔ እኮ ያኔ ያስደነገጥኩሽ መስሎኝ ነው ደግሜ ያልጠየቅሁሽ» አለ። «አሁንስ ትፈልጊያለሽ?»

ትንፋሼ ሊሳብ ሲል ያዝኩትና «ያ» አልኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበረች ባልደረባዬ በሩን ከፍታ ደህና ነሽ ወይ እስክትለኝ ድረስ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ዛሬ በዚያ ሆቴል በር ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ሰው እኔ ነኝ።